ጥላውን ስጨምር ምስሉ ለምን ይደርቅብኛል?

ጥያቄ
የሰውን አካል በብዕርና በውሃ በቀጠነ ቀለም መንደፍ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። በብዕር ብቻ ስነድፍ ምስሉ የሚተነፍስ ይመስላል፤ ጥላውን በብሩሽ ስጨምርበት ግን ተቀብቶ እንደ ቆመ አሻንጉሊት ይደርቃል። ትናንት ደግሞ የአገጩ መስመር በውሃው ተፈትቶ እስከ አንገቱ ወረደ። ጥፋቱ የቀለሙ ነው ወይስ የእጄ?

መልስ 1
የአገጩ ነገር የቀለሙ ነው። ሼላክ የተባለው ሙጫ የገባበት ቀለም አንዴ በደንብ ከደረቀ ውሃ አይፈታውም፤ ነገር ግን እየተነከረ በሚጻፍበት ብዕር ብቻ ይጠቀሙበት፣ ቀለም የሚሞላ ብዕር ውስጥ ከገባ ደርቆ ይደፍነዋልና። የምስሉ ድርቀት ግን ከእጅ የመጣ ይመስለኛል፤ ምናልባት እያንዳንዱን ቅርጽ እስከ ጠርዙ ድረስ እየሞሉት ይሆናል። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1654 ገደማ የሠራትንና በብሪቲሽ ሙዚየም የምትገኘውን የተኛች ወጣት ሴት ይመልከቱ። ሙሉ በሙሉ በብሩሽ የተሠራች ስትሆን፣ ልብሷ በጥቂት ሰፋፊ ምቶች ብቻ ተጠቁሞ አብዛኛው ክፍል ባዶ ወረቀት ነው፤ ብርሃኑን የሚሰጠውም ያ ያልተነካ ወረቀት ነው።

መልስ 2
በዚህ እስማማለሁ፤ እኔ ግን ቅደም ተከተሉንም እንዲገለብጡት እመክራለሁ። ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ሞዴሉን ሲያዩት የዓይን ጎድጓዳ፣ የአፍንጫው ጎንና ከአገጭ በታች ያለው ጥላ ተያይዘው አንድ ቅርጽ ይሆናሉ። ያንን ቅርጽ በቀጭን ቀለም በአንድ ጊዜ ያኑሩት፤ ሲደርቅ፣ አጥንት ቆዳን በሚገፋበት ቦታ ብቻ መስመር ያስገቡ። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናዊ ሠዓሊ ሊያንግ ካይ ገጣሚውን ሊ ባይን ሲስል ካባውን በጥቂት ሰፋፊ መስመሮች ጨርሶ ጥንቃቄውን ለፊቱ አስቀምጦታል።

በነገራችን ላይ የድሮ ንድፎችን ቡናማነት ለመምሰል አይድከሙ። ከብረት ጨውና በዛፍ ላይ ከሚበቅል እብጠት የሚዘጋጀው የያኔው ቀለም ሲጻፍበት ወደ ጥቁር የሚያደላ ነበር፤ ብዙውን ቡናማ ያደረገው ዕድሜ ነው። በእርግጥ ከእንጨት ጥላሸት የሚሠራው ቢስተር ገና ከጅምሩ ቡናማ ነው።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ጥላውን አስቀድሜ፣ በጉንጩ በኩል ምንም መስመር ሳላስገባ ተውኩት፤ ከጀርባው ያለው ጥላ ብቻውን ጉንጩን አወጣው። እጆቹ ግን አሁንም ጓንት ይመስላሉ። ለጣቶችም ያው አካሄድ ይሠራል?

መልስ 2
ይሠራል፤ አራቱን ጣቶች በመጀመሪያ እንደ አንድ ጥላ ይያዟቸው፣ ከዚያም አንዱን ክፍተት ብቻ በብዕር ይለዩት።