ከማርክዳውን ወደ ወርድ ስቀይር «ሰይድ አሊ» «አሊ፣ ሰ.» ሆኖ ይወጣል

የሐይቋ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ቴሲሴን በተራ ቴክስት ፋይል፣ በማርክዳውን (ርዕሱንም ደማቁንም በቀላል ምልክቶች በሚያሳየው አጻጻፍ) ነው የምጽፈው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ወርድ ሲከፈት ያቃስታል። ርዕሴ በወሎ ያሉ የአጀሚ (በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የአገር ውስጥ ቋንቋ) ጽሑፎች ስለሆነ (የጀማ ንጉሥ፣ የገታ፣ እዚህም እዚያም በየቤቱ ያለው) ዋቢዎቼ ድብልቅልቅ ያሉ ናቸው፤ የፈረንጅ ጆርናል አለ፣ የአማርኛ መጽሐፍ አለ፣ ያልታተመ ቴሲስ አለ። ሁሉንም ዞቴሮ (የዋቢ ማከማቻ ፕሮግራም) ውስጥ አስገብቼ በፓንዶክ (የሰነድ መቀየሪያ ፕሮግራም) ወደ ወርድ እቀይራለሁ። አማካሪዬ በወርድ ካልሆነ አያነቡም፤ በኤፒኤ የዋቢ አጻጻፍ ካልሆነም አይቀበሉም።

ችግሩ ሲወጣ ነው። አንዳንድ ቦታ በስም ፈንታ የሳይቴሽኑ ቁልፍ (ከ@ ምልክት ቀጥዬ የምጽፈው የዋቢው መለያ) በደማቁ፣ ከጥያቄ ምልክት ጋር ይመጣል። ሰይድ አሊ ብዬ የመዘገብኩት ሰው «አሊ፣ ሰ.» ይሆናል፤ ልጅ የጻፈውን አባት ወሰደው ማለት ነው! በ1965 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍም ከፈረንጆቹ 1965 ጎን ተሰልፎ የሚለየው ነገር የለም። ወርዱ ላይ በእጄ እያረምኩ ልስጥ ወይስ መላ አለው?

ጦሳ ሥር፦
አብሽሪ እህቴ፣ መላ አለው። ወርዱን ግን እንዳትነኪ። ነገ አንድ አንቀጽ ጨምረሽ እንደገና ስትቀይሪ የዛሬው እርማትሽ በሙሉ ይጠፋል። የሚታረመው ምንጩ ነው።

ደማቁ የጥያቄ ምልክት ፓንዶክ ቁልፉን ዝርዝሩ ውስጥ አጣሁት ማለቱ ነው። ወይ ፊደል ተሳስቷል፣ ወይ ከዞቴሮ ያወጣሽው ፋይል አሮጌ ነው። ቤተር ቢብቴክስ የሚባለውን የዞቴሮ ተጨማሪ ጫኚና ስታወጪ «ኪፕ አፕዴትድ» የሚለውን ምረጪ፤ ዞቴሮ ላይ በነካሽ ቁጥር ፋይሉ ራሱን ያድሳል። ያለ ጥያቄ ምልክት የ@ ምልክቱ ራሱ ተገትሮ ከመጣ ግን ሌላ ነው፤ ሲትፕሮክ የሚለውን፣ ሳይቴሽኖቹን የሚሠራውን ትእዛዝ አልሰጠሽም ማለት ነው። የኤፒኤውንም የሲኤስኤል ፋይል (የዋቢ አጻጻፉን ደንብ የያዘውን) አብረሽ ስጪው፤ ካልሰጠሽው ፓንዶክ በራሱ የሚመርጠው ቺካጎ የሚባለውን አጻጻፍ ነው።

ለስሙ፦ ዞቴሮ ላይ ከደራሲው ስም አጠገብ ያለችውን ትንሿን ምልክት ስትጫኚ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። «ሰይድ አሊ» ብለሽ በአንዱ ጻፊ። ከዞቴሮ በሚወጣው የቢብቴክስ ፋይል ውስጥ በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይገለብጠውም፣ አያሳጥረውም። በጽሑፉ መሀልም ሙሉ ስሙ ይወጣል፤ አማካሪሽ «ለምን ረዘመ?» ካሉ ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም እንደሌለው አስረጃቸው። በአገራችን ጥናት ላይ የሚጽፉ ፈረንጆች እንኳ ስማችንን ሳይገለብጡ ነው የሚያስቀምጡት።

ላይብረሪያን፣ ደሴ፦
የዓመተ ምሕረቱን ነገር ልጨምርልዎት። ወደ ፈረንጅ መቀየሩ አያዋጣም፤ መጽሐፉ ላይ ወሩ ካልተጻፈ 1972 ይሁን 1973 አይታወቅም። የአማርኛዎቹ ጥቂት ከሆኑ ከዞቴሮ አውጥተው በማርክዳውኑ ራስጌ (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ባለው የመረጃ ክፍል)፣ «ሬፈረንስስ» በሚለው ሥር ይጻፏቸው። እዚያ ቀኑን «ሊተራል» በሚለው መስክ «1965 ዓ.ም.» ብለው እንዳለ ማስገባት ይቻላል። ፓንዶክ ሁለቱንም ምንጭ አንድ ላይ ያነባል፤ ተመሳሳይ ቁልፍ ቢያገኝ ራስጌ ላይ ያለውን ያስቀድማል።

ቁልፎቹን ግን በላቲን ፊደል ያድርጓቸው። በግዕዝም ይሠራል፤ ኪቦርድ መቀያየሩ ነው የሚያሰለቸው። ከድሮ ሰነድ የሚገለብጡ ከሆነም በቪዥዋል ግዕዝ (በድሮው የአማርኛ መተየቢያ) ዘመን የተተየበው ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ) ስላልሆነ ቴክስት ፋይል ውስጥ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። እሱን እንደ አዲስ ከመተየብ ሌላ ያገኘሁት አቋራጭ የለም።

ኮምቦልቻ 11፦
ፎንትና የመስመር ርቀት ለማስተካከልም ወርዱን አትነካኪ። አንድ ናሙና ወርድ አዘጋጂና «ሬፈረንስ ዶክ» ብለሽ ስጪው፤ ስታይሉን ከእሱ ይወስዳል።

አማካሪሽ በትራክ ቼንጅስ (እርማቱን በሚያሳየው የወርድ መሣሪያ) አርመው ሲመልሱልሽ፣ «ትራክ ቼንጅስ ኦል» የሚለውን ትእዛዝ ከሰጠሽው ፓንዶክ ወርዱን ከነኮሜንቱ ወደ ማርክዳውን ይመልስልሻል። ግን እሱን አንብበሽ እርማቱን ወደ ራስሽ ፋይል አስገቢ እንጂ በእሱ ላይ መጻፍ አትቀጥዪ። በእሱ ውስጥ ሳይቴሽኖቹ ተራ ጽሑፍ ሆነዋል፤ ከዞቴሮ ጋር ተፋተዋል።

የሐይቋ መምህርት፦
አላህ ይስጣችሁ! ሰይድ አሊ ስሙን አገኘ፣ ዓመተ ምሕረቱም ገባ። አሁን የቀረችኝ አንዲት ነገር፦ በዋቢ ዝርዝሩ የአማርኛዎቹ በሙሉ ከፈረንጆቹ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ተሰለፉ። የዲፓርትመንታችን መመሪያ አማርኛው ይቅደም ይላል።

ጦሳ ሥር፦
በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ግዕዝ ከላቲን በኋላ ነው የሚመጣው፤ ብልሽት አይደለም። እንዲቀድም ከፈለግሽ ዝርዝሩን ለሁለት ክፈዪው። መልቲቢብ የሚባል የፓንዶክ ማጣሪያ አለ፤ የአማርኛውን አንድ ፋይል፣ የእንግሊዝኛውን ሌላ ፋይል አድርገሽ ትሰጪውና እያንዳንዱን በፈለግሽው ርዕስ ሥር ያስቀምጥልሻል። ራስጌ ላይ የጻፍሻቸውን የአማርኛ ዋቢዎች ግን መጀመሪያ ለብቻቸው ወደ አንድ ፋይል አውጪያቸው።