ለ1.4 ቴራባይት ፎቶ የሚሆን የክላውድ ባክአፕ የቱ ነው?

በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ 1.4 ቴራባይት ፎቶ አለኝ። አብዛኛው ሮው ፋይል (ካሜራው ሳይጨምቅና ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) ነው፣ አንዱ 25 ሜጋባይት ገደማ። ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ዲስክ አለ፤ ግን ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ስለሆኑ እሳት ወይም ሌባ ቢመጣ አብረው ይሄዳሉ። የመጫኛ ፍጥነቴ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው፤ ሳይቋረጥ ቢሠራ እንኳ ሁሉን ለመጫን 32 ቀን ይፈጃል።

መጀመሪያ የሞከርኩት የፎቶ ማስቀመጫ ነበር። ቦታ ቆጣቢው ምርጫ በርቶ ስለነበር 24 ሜጋፒክስል የነበረው ጄፔግ ሳወርደው 16 ሆኖ መጣ። ቀጥሎ በሲንክ የሚሠራ፣ ማለትም ኮምፒውተሩንና ክላውዱን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚያደርግ አገልግሎት ሞከርኩ፤ ኮምፒውተሬ ላይ በስህተት የጠፋ ፎልደር ክላውዱ ላይም ጠፋ፣ ቅርጫቱም የሚይዘው 30 ቀን ብቻ ነው። ሲንክ ባክአፕ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ሦስተኛው እውነተኛ ባክአፕ ነው፤ ነገር ግን ዲስኩ 30 ቀን ካልተሰካ ፋይሎቹን እንደተሰረዙ ቆጥሮ ያነሳቸዋል።

አሁን ያዘነበልኩት ሬስቲክ በሚባል የባክአፕ ፕሮግራም ወደ ኦብጀክት ስቶሬጅ (ፕሮግራሞች ፋይል የሚያስቀምጡበት የክላውድ ማከማቻ) መላክ ላይ ነው። ሬስቲክ ፋይሉን ከኮምፒውተሬ ሳይወጣ ኢንክሪፕት ያደርጋል (በቁልፍ ይቆልፋል)፤ መስመር ቢቋረጥም የተጫነውን ደግሞ አይጭንም። የሚያሳስበኝ መመለሱ ነው፦ ርካሹ የአርካይቭ ደረጃ (እምብዛም ለማይነካ ፋይል የተዘጋጀው) ፋይል ለማውጣት ሰዓታት ያስጠብቃል፣ ለማውረድም ለብቻው ያስከፍላል።

ዲስኩ ለወራት ሳይሰካ ቢቆይም ፋይል የማይሰርዝ፣ ሬስቲክን የሚቀበልና 1.4 ቴራባይቱን በአንድ ጊዜ ሳወርድ ተጨማሪ ክፍያ የማይጠይቅ፣ እናንተ ራሳችሁ መልሳችሁ አውርዳችሁ ያረጋገጣችሁት አገልግሎት የትኛው ነው?