በመስቀል ሰሞን ከአርባ ምንጭ ዶርዜ በቢስክሌት፦ መንገዱን የሚያውቅ ይምከረኝ

ጥያቄ (ከሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሜዳ ላይ ቢስክሌት እየነዳሁ ያደግሁ ነኝ። ለመስቀል ቢስክሌቴን አውቶቡስ ላይ ጭኜ አርባ ምንጭ ልወርድ፣ በአንድ ቀን ዶርዜ ልደርስ፣ በማግስቱ ኮንሶ ልገባ አስቤያለሁ። ያለኝ ማርሽ ያለው ያገለገለ የተራራ ቢስክሌት ነው። ይቻላል? ከሁሉ በላይ ሸማኔ አጠገብ ተቀምጬ ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ። ነውር ሳልሠራ ሰው ቤት እንዴት ልግባ?

መልስ 1 (የአርባ ምንጭ ነዋሪ)

ወንድሜ፣ ሐሳብህን ወድጄዋለሁ፤ ቀኑ ግን አይበቃህም። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዶርዜ ወደ 2,500 ይጠጋል። መጀመሪያ ላይ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ግራና ቀኙ ሙዝ። ከዚያ ዳገቱ ይጀምርና ጠመዝማዛው አያልቅም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካልተነሣህ ፀሐይዋ ቆላው ላይ ታደክምሃለች፤ ላይ ስትደርስ ደግሞ ጉሙ ያንቀጠቅጥሃል። ኮንሶ በሌላ አቅጣጫ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እርከኑ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነውና ራሱን የቻለ ጉዞ ይገባዋል። ለማደሪያ ዶርዜ ውስጥ በቀርከሃ ጎጆ እንግዳ የሚያሳድሩ አሉ።

መልስ 2 (ቢስክሌት ጠጋኝ)

ሰው ሁሉ ስለ ዳገቱ ይጠይቃል፤ እኔ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው። ፍሬንህ ቸርኬውን ከጎን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳትለቅ ከያዝከው ብረቱ ይግልና ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል። የፍሬኑን ጎማ አዲስ አስገባ። ስትወርድ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቅህ ያዝ፣ በየመሃሉም ቆመህ አብርደው። ሁለት ካላማዳሪያ፣ ማጣበቂያና መንፊያ ያዝ፤ ለቢስክሌትህ ልክ የሚሆነውን ዶርዜ አገኛለሁ ብለህ አትሂድ። በገበያ ቀን አትውረድ፤ መንገዱ ሸክም በተሸከሙ እናቶችና በአህያ ይሞላል።

መልስ 3 (ዶርዜ ተወልጄ ሽሮ ሜዳ የምሸምን)

መስቀል ለእኛ የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው። አዲስ አበባ የምንሸምነው ሁሉ ወደ ቤተሰብ እንገባለን። ስለዚህ በዓሉን ታያለህ፤ ሽመናውን ግን አታይም፤ በእኛ ቤት በእነዚያ ቀናት መወርወሪያ የሚነካ የለም። ሥራውን ለማየት ከበዓሉ ሳምንት ቀድመህ ና፤ ያን ጊዜ ሁሉም የጀመረውን ለመጨረስ ይጣደፋል።

አጥሩ ጋ ቆመህ «ቤቶች!» በል፣ እስኪመልሱልህም ጠብቅ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መሬት ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። ነጩን ሲሠራ ያጫውትሃል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ክር እየቆጠረ ነውና አታናግረው። ፈትሉ የሴቶች ሥራ ነው፤ እናትየዋንም አጠገባቸው ተቀምጠህ ጠይቃቸው፣ እንዝርቱን ሲያሾሩት እጃቸውን ተመልከት። ፎቶ ከማንሣትህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ። ቆጮ በማርና በዳጣ ሲቀርብልህ ቅመስ፤ እንግዳ ሳይቀምስ ሲሄድ ቅር ይለናል። ጋቢ ከገዛህ፣ የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ ሳትጠይቅ ዋጋ አትከራከር።

ቤቱንም ከቅርብ እየው። የዝሆን ፊት ይመስላል። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ከታች እየተቆረጠ ያጥራል፤ ከአጠገቡ ካለው አዲስ ጎጆ ጋር ካስተያየኸው ዕድሜውን ትገምታለህ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮንሶን ለሌላ ጊዜ ትቼዋለሁ። ከበዓሉ ሳምንት ቀድሜ ገብቼ አራት ቀን እቆያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዳገቱን ልንዳው ወይስ ቢስክሌቱን አስጭኜ ልውጣ?

መልስ 1

እግርህ ለዳገት አዲስ ነው፤ እስከ ዳገቱ ሥር ንዳ፣ ከዚያ ሚኒባስ ላይ አስጭን። ስትመለስ ግን ንዳው፤ ጉሙ ሲገለጥ አባያ ሐይቅ ከሥርህ ተዘርግቶ ታየዋለህ።

መልስ 2

ከመውረድህ በፊት ፍሬኑን ሜዳ ላይ ሞክረው። ዝናብ ጥሎ ከነበረ መንገዱ እስኪደርቅ ጠብቅ።