የጣና ዳር ሲዋብ ካርታ የሌለው ሰው ምን ይገባዋል?

ጥያቄ አቅራቢ (ከሽንብጥ)፦

እሑድ ጠዋት እዚህ ባሕር ዳር ከተማ በአዲሱ የሐይቅ ዳር የእግረኛ መንገድ ስሄድ አንድ የማውቃቸው ታንኳ ሠሪ አዛውንት አገኘሁ። ድሮ ታንኳው የሚሠራበትን የደንገል እስር በእግራቸው ረግጠው፣ ገመዱን ይዘው ወደ ኋላ እየተለጠጡ ሲያጠብቁ ቆሜ አያቸው ነበር። ሥራው ማስጫ ይፈልጋል፤ በደንብ ያልደረቀ ደንገል ከዳር ሳይርቅ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ደህናው ታንኳም ቢሆን ከጥቂት ወራት በኋላ ይበሰብሳልና ሌላ ይሠራል። ማስጫቸው በነበረው ቦታ ላይ አሁን ለምለም ሣር ተተክሏል፤ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳም ቆሟል። «ካሳ ጠየቁ?» አልኳቸው። «በምን ወረቀት ልጄ?» አሉኝ።

ካርታ የላቸውም፤ አባታቸውም አልነበራቸውም። እኔ ካሳ ይገባቸዋል ባይ ነኝ። እናንተስ?

ከዓባይ ማዶ፦

አይገባቸውም። ልጅ ሳለሁ ብዙ ቦታ ላይ ሐይቁን በቅርብ ለማየት ሆቴል ገብቶ ሻይ ማዘዝ ግድ ነበር። እናቴ በዚህች ከተማ ወልዳ አሳድጋን ጣናን የምታየው በጥምቀት ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም። ዛሬ ቆሎ ሻጯም ሙሽራውም እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ፍትሕ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ደግሞ «እዚህ ቦታ እጠቀም ነበር» ላለ ሁሉ ይከፈል ከተባለ ቀድመው የሚሰለፉት የጨረቃ ቤት የሚሠሩት ናቸው። ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ችግረኛው ሳይሆን ዘመድ ያለው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሕግ አጥኚዋ፦

ወንድሜ፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ የአዛውንቱን መብት አያፈርስም፤ የዝርዝር አያያዙን ብልሽት ነው የሚናገረው።

ሕጉን እንየው። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ የመሬት ዋጋ ማንም አይጠይቅም፤ ሆቴሉም ቢሆን። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ግን መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «ኑሯቸው የተነካባቸው» የምትለዋን ልብ በሉ። ካርታ ያላቸው አላለም። ችግሩ ወደ ዝርዝሩ ሲወረድ ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቀቅበት አዋጅ 1161/2011 የሚያነጋግረው በዋናነት ሕጋዊ ባለይዞታን ነው። አዛውንቱ በሕገ መንግሥቱና በአዋጁ መካከል ባለችው ስንጥቅ ገብተዋል።

ከዓባይ ማዶ፦

እኅቴ፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ ያልተጻፈ መልካም ነገር አለ እንዴ?

ጡረተኛ መምህር፦

«በሕግ አምላክ ሲሉ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» እየተባልን ነው ያደግነው። አሁን ውሃው ቆሞ ሰው ነው የሚገፋው።

ግን ከካሳው በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ታንኳ ሠሪው በጣና ዳር ከሚኖሩት ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው ብዬ ነው የማስበው፤ ተሳስቼ ከሆነ ጥያቄ አቅራቢው ያርመኝ። ልጆች ሳለን ከእነርሱ ልጆች ጋር በአንድ ዋንጫ እንዳንጠጣ ይነገረን ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቅ «ጉማሬ ይበላሉ» ነበር መልሱ። ጉማሬ ማደናቸው ከቀረ ስንት ዘመኑ! ንቀቱ ግን አልቀረም። እኔ ራሴ አስተማሪ ሆኜ፣ የኋላ ወንበር ላይ ለብቻው የሚቀመጠውን ልጅ አንድም ቀን ወደ ፊት አላመጣሁትም። ሌላ ሰው አልከሰስኩም፤ እኔው ነኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ አጥር እንኳ የላቸውም።

በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ቤቱ የተወሰደበት ጎረቤታችን ካርታውን በሳጥን ቆልፎ እስኪሞት አኑሮታል። ያ ሰው ቢያንስ ተበደልኩ የሚልበት ወረቀት ነበረው።

ጀልባ ነጂ፦

ስለ ባሕር ዳር በሚታተመው በራሪ ወረቀት ሁሉ ላይ ታንኳ አለ። ሠሪው ግን ማስጫ የለውም። ይኸው ነው አስተያየቴ።

ከዓባይ ማዶ፦

መምህር፣ የእርስዎን አንብቤ ዝም ልል ነበር። እንደዚያ ከሆነ ብር ሳይሆን ቦታ ይሰጣቸው። ከመንገዱ ወጣ ብሎ አንድ ማስጫ ይከለልላቸው፤ ጎብኚውም ሲሠሩ ያያል። ገንዘብ ግን አሁንም አልስማማም።

የባዮሎጂ መምህርት፦

ማስጫውን ከሰጠናቸው በኋላ የሚያሰጡት ደንገል ከየት ይመጣ? ማንም ያላነሣው ይህን ነው። የደንገሉ ጥሻ ከላይ የሚመጣውን ደለል ያጣራል፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባውና ጫጩቱ የሚደበቀውም እንዲህ ባለው ዳር ላይ ነው። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ይህ ረግረግ ከነነዋሪው ነው የተመዘገበው። በሌላ በኩል ከ2004 ጀምሮ እምቦጭ አለብን። የደንገሉን ዳር በድንጋይ ካነጠፍነው አዛውንቱም ዓሣውም አብረው ይነሣሉ፤ ለዓሣው ካሳ የሚጠይቅ አንቀጽ ደግሞ እኔ አላየሁም። በመጠን የሚያጭድ ሰው ግን ደንገሉን አያጠፋውም፤ መልሶ ይበቅላል። ታንኳ ሠሪው ደንገሉ እንዲኖር ከማንኛችንም በላይ ይፈልጋሉ፤ እንጀራቸው ነው።

ጥያቄ አቅራቢ (ከሽንብጥ)፦

መምህር፣ አልተሳሳቱም።

ትናንት አንቀጽ 44ን በወረቀት ገልብጬ ወሰድኩላቸው። መነጽር የላቸውምና አነበብኩላቸው። «ኑሯቸው የተነካባቸው» የሚለው ላይ ስደርስ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ደግ ነው፤ ለማን ነው የምሰጠው?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ሕግ አጥኚዋ፦

ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ። ያለ ካርታ የምንሄድ ስለሆነ ግን በቦታው ሲሠሩ የኖሩ መሆናቸውን የሚመሰክር የቆየ ነዋሪ ያስፈልገናል። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት።

ጡረተኛ መምህር፦

እኔ አለሁ።

ከዓባይ ማዶ፦

እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ፤ እመጣለሁ። ገንዘብ ግን አላልኩም።