ሥጋና ዶሮ ከፍራፍሬ ጋር፦ የትኛው ፍሬ፣ መቼ ይግባ?

የካዛንቺስ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አባቴ ጨጓራውን ስለታመመ ሐኪሙ በርበሬ ከልክሎታል። ዕድሜውን ሙሉ ዶሮ ወጥ ሲወድ የኖረ ሰው አልጫ ብቻ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲወርድ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ ሳለ፣ ድሮ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ አንድ ዲፕሎማት ቤት ሹፌር ሆኖ ሲሠራ የቤቱ ምግብ አብሳይ ታቀምሰው የነበረውን ወጥ አነሳብኝ። «ሥጋው ሳይታኘክ ያልቃል፤ ያበጠ ጥቁር ፍሬ አለበት፤ ቀረፋ ይሸታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ በዶሮ ትሠራው ነበር» አለኝ። ስሙን ረስቶታል። ምግብ ጠይቆኝ ስለማያውቅ ይህን መሥራት አለብኝ ብዬ ተነሣሁ።

እሑድ ሞከርኩ። አንድ የሐበሻ ዶሮ ብልት አውጥቼ፣ ለስለስ ይልልኛል ብዬ በተፈጨ አናናስ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት ላዩ እንደ ገንፎ ላቁጦ፣ ስነካው ጣቴ ላይ ይቀራል። አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ጨምሬበት አንድ ሰዓት ቀቀልኩት፤ ሥጋው እንደ ጎማ ነው። መጨረሻ ላይ የጨመርኩት ማንጎ ደግሞ ሟሙቶ ጠፋ። አባቴ ላለማስቀየም ትንሽ በላ፤ እኔ ግን ፊቱን አየሁት።

እባካችሁ፦ የትኛው ፍሬ ነው የሚሆነው? መቼ ይግባ? ሥጋና ዶሮ በአንድ ድስት ይበስላሉ ወይ?

ባለ ሸክላ ድስት

እህቴ፣ አባትሽ የነገሩሽ የሞሮኮዎች ታጂን ነው። ስሙ የመጣው ከሚሠራበት ሾጣጣ ክዳን ካለው የሸክላ ድስት ነው። ጥቁሩ ፍሬ ደረቅ ፕሪም መሆኑን አልጠራጠርም። ሆቴል ቤት ስሠራ ለእንግዶች ብዙ ጊዜ አዘጋጅቻለሁ። እኔ የማውቀው አሠራር በሥጋ ከሆነ በሥጋ ብቻ፣ በዶሮ ከሆነ በዶሮ ብቻ ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ግን የሚከለክል ነገር የለም፤ ሰዓታቸውን መለየት ብቻ ነው።

አራት ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈሽ በዘይትና በትንሽ ለጋ ቅቤ አቁላዪው። ንጥር ቅቤ እንዳታደርጊበት፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው ቀረፋውን ይውጡታል፣ የቤታችን አልጫ ይሆንብሻል። ከዚያ የበሬውን ሥጋ ጨምሪና በሁሉም በኩል ቡናማ ሲሆን ዝንጅብል አንድ የሻይ ማንኪያ፣ እርድ ግማሽ፣ ጨው፣ ሁለት እንጨት ቀረፋ ጨምረሽ፣ ሙቅ ውኃ ሥጋው ሊሸፈን ትንሽ እስኪቀረው አፍስሺ። እሳቱ ለስላሳ ይሁን።

ዋናው ነገር ፕሪሙ ነው። ድስቱ ውስጥ ከሥጋው ጋር አይቀቀልም። ምግቡ ሊወጣ ሲል ሁለት ጭልፋ መረቅ ቀድተሽ በትንሽ ድስት ከ200 ግራም ፕሪም፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ማርና ከትንሽ የተፈጨ ቀረፋ ጋር 15 ደቂቃ ያህል አንተክትኪው። ፍሬው ሲያብጥና ሲያብረቀርቅ፣ መረቁም ማንኪያ ላይ ሲንጠለጠል፣ ሥጋው ላይ ታፈስሺዋለሽ። የፕሪም ታጂንን ልዩ የሚያደርገው ይህ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር

አናናሱ ምን እንዳደረገሽ ላስረዳ። ጥሬ አናናስ ብሮሜሊን የሚባል ኢንዛይም አለው፤ ፕሮቲንን ይሰባብራል። ሌሊቱን ሙሉ ስላቆየሽው የዶሮውን ላይ ቀድሞ ፈጨው። ያልበሰለ ፓፓያም ፓፓይን የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለው፤ ለጠንካራ ሥጋ ትንሽ ቢቀባና ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ይጠቅማል፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚገድለው አናናስ ማስገባት ከፈለግሽ መጀመሪያ ለብቻው አብስዪው። የቆርቆሮ አናናስ በፋብሪካ ስለተቀቀለ ይህ ችግር የለበትም።

የሥጋው መጠንከር ደግሞ ያንቺ ጥፋት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። እሳቱን ብትጨምሪ ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ጅማት ቀልጦ ሥጋው የሚለሰልሰው በጊዜ ነው፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ የምግብ አሠራር ሁለት ሰዓት ካለሽ አንቺ ሁለት ሰዓት ተኩል አስቢ። እንፋሎቱን አፍኖ በግፊት የሚያበስለው ድስት (ፕሬዠር ኩከር) ካለሽ ወደ አንድ ሰዓት ያህል ታወርጂዋለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የተዘፈዘፈ ዶሮ የሚያድረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ በፍጹም አይደር።

ሥጋ ቆራጭ

ምን ዓይነት ሥጋ እንደገዛሽ አልነገርሽንም። ጭቅና ወይም ሽንጥ ከሆነ ገንዘብሽን ነው የጣልሽው፤ እነዚያ የጥብስና የጥሬ ሥጋ ናቸው፣ በረጅም እሳት ይደርቃሉ። ሥጋ ቤት ስትሄጂ «የቅቅል» ብለሽ ጠይቂ፤ ጎድን ከነአጥንቱ፣ ቅልጥም ከነመቅኑ። ቅልጥሙ በመጋዝ በሦስት ጣት ወርድ ይቆረጥልሽ። መረቁን የሚያወፍረው እሱ ነው። ደግሞም በጠዋት ሂጂ፤ ከሰዓት በኋላ አጥንት ያለው ሥጋ ቶሎ ያልቃል።

እትዬ ከሰባ ደረጃ

ልጄ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ያደግሁት ሰባ ደረጃ አጠገብ ነው። ጎረቤታችን አርመን ነበረች፤ አባቷ ራስ ተፈሪ በ1924 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ ልጆች አንዱ እንደነበር ዘወትር ታጫውተን ነበር። እርሷ የበግ ሥጋ በደረቅ አፕሪኮት ትሠራ ነበር። ፍሬውን በሙቅ ውኃ ትዘፈዝፍና ስታወጣው በሁለት ጣቷ ጫን ጫን ታደርገዋለች፤ «የሕፃን ጆሮ ሲመስል በቃው» ትል ነበር። እስካሁን ዘቢብ ስዘፈዝፍ እጄ ያንን ያደርጋል።

ፕሪም ወይም አፕሪኮት ካጣሽ አትጨነቂ። ቴምር ፍሬውን አውጥተሽ፣ ወይም ዘቢብ ብታደርጊ ያምራል፤ ቴምር ከሆነ ግን ማሩን ተዪው። የጨንቻ ፖም ብታገኚ ጠንከር ያለውን፣ ኮምጠጥ የሚለውን ምረጪ። ሳትልጪ በወፍራሙ ከፍለሽ በቅቤ በሁለቱም በኩል ጠብሰሽ መጨረሻ ላይ ደርድሪው፤ አይፈርስም። ማንጎ ለእሳት አልተፈጠረም፤ ከበላችሁ በኋላ ብሉት።

ስለ ዶሮው ደግሞ፣ የሐበሻ ዶሮ፣ ያውም አሮጌ ከሆነች፣ ከሥጋው ብዙም ሳትዘገይ ትግባ። የእርባታ ዶሮ ከሆነ ግን መጨረሻዎቹ 40 ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ካለዚያ ከአጥንቱ ተላቆ ክር ክር ይላል። እኔ ብሆን 12 ብልት አላወጣም፤ ከነአጥንቱ በትልልቁ ስምንት ቦታ እከፍለዋለሁ።

ነርሷ

የምግብ ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለ በሽተኛው ብቻ ልናገር። ለጨጓራ ሕመምተኛ በርበሬን ትቶ ብዙ ሎሚ፣ ቲማቲምና ኮምጣጣ ፍሬ መጨመር አንዳንዱን ሰው እንደገና ያቃጥለዋል። በጥቂቱ ጀምሪና የሚሰማቸውን ጠይቂያቸው። ስኳር በሽታ ካለባቸው ፕሪሙንና ማሩን ሐኪማቸውን ሳታማክሪ አታቅርቢ። ፕሪም ሆድ እንደሚያላላም እወቂ፤ ለአንድ ሰው አራት አምስት ፍሬ ይበቃል። ማታ በጣም አምሽተውም አይብሉት።

የካዛንቺስ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስኳር የለበትም፤ ሐኪሙንም በስልክ ጠየቅሁ፣ «በልክ ይብላ» አለኝ። ሥጋው በእርግጥም ሽንጥ ነበር፤ ውድ ስለሆነ የተሻለ መስሎኝ ነው።

ዛሬ እንደገና ሠራሁት። ጎድንና ቅልጥም፣ አንድ የእርባታ ዶሮ። ሥጋውን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጣድኩት፤ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ዶሮውን ጨመርኩ። እትዬ፣ ፕሪሙን በሁለት ጣቴ ጫን አድርጌ አይቼዋለሁ። ትንሿ ድስት ውስጥ ማሩና መረቁ ሲንተከተክ አባቴ ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ምንም አላለም፤ ክዳኑን ከፈት አድርጎ አሸተተና ወንበር ስቦ እዚያው ተቀመጠ። ቅልጥሙን አንሥቶ መቅኑን በማንኪያ ጫፍ እያወጣ ነው የበላው።

የቀረኝ ጥያቄ፦ በእንጀራ አቀረብኩት፤ የእንጀራው መኮምጠጥ ከጣፋጩ ጋር ትንሽ ተጣላብኝ። እናንተ በምን ትበሉታላችሁ?

ባለ ሸክላ ድስት

እሰይ! ሞሮኮዎች በዳቦ ነው የሚበሉት፤ መረቁን በዳቦው እየጠረጉ። ድፎ ዳቦ ካለሽ ከዚያ የተሻለ የለም። የሸክላ ድስት ገዝተሽ ልትሠሪ ካሰብሽ ደግሞ በቀጥታ ኃይለኛ እሳት ላይ እንዳትጥጂው፤ ቀስ ብሎ ካልሞቀ ይሰነጠቃል።

እትዬ ከሰባ ደረጃ

ቂንጬም ይሄዳል ልጄ፤ በወተት ሳይሆን በራሱ በመረቁ አብስዪው። የተረፈውን ነገ ስታሞቂ መረቁ ረግቶ ስለሚጠብቅሽ ግማሽ ኩባያ ሙቅ ውኃ ጨምሪበት፤ ፕሪሙን ለብቻው አስቀምጠሽ መጨረሻ ላይ መልሺው።