የትኋን ማጥፊያ የጋራ ዕቅድ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ በሚቀርበው ረቂቅ ላይ የተደረገ የአባላት ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ክቡራን የብሎካችን ነዋሪዎች፣ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ በጽሑፍ እናዳብር። የመነሻ ረቂቁ የሚከተለው ነው፦ «ማኅበሩ የመድኃኒት ረጪ ባለሙያ ቀጥሮ ትኋን የታየባቸውን ቤቶች በአንድ ቀን ያስረጫል፤ ወጪውን ቤቱ የተረጨለት ነዋሪ ይሸፍናል።» የጎደለውን ሙሉ፣ የማይሆነውን ሰርዙ።

ከ2ኛ ፎቅ፣ የቤት ባለቤት፦
ጸሐፊያችንን ስለ ድካምዎ እያመሰገንሁ፣ «ትኋን የታየባቸውን ቤቶች» የሚለው ሐረግ ዕቅዱን ከመነሻው የሚያፈርሰው ይመስለኛል። ትኋን አይበርም፣ አይዘልምም፤ ነገር ግን በእግሩ እየሄደ በውሃ ቧንቧና በኤሌክትሪክ መስመር ቀዳዳ፣ በበር ሥርም ጭምር ከቤት ወደ ቤት ይሻገራል። አንዱ ቤት ብቻ ሲረጭ የተረፈው ወደ ጎረቤት ይሸሻል፤ ጎረቤትም በተራው ሲያስረጭ ይመለሳል። ስለዚህ ትኋን የተገኘበት ቤት ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኙ፣ ከላይና ከታቹ ያሉት ቤቶችም አብረው መፈተሽ አለባቸው። ወጪውን በተመለከተ፣ የተረጨለት ይክፈል ከተባለ «ቤቴ ትኋን አለ» ብሎ የሚያመለክት ሰው ከየት ይገኛል?

ከ4ኛ ፎቅ፣ ጡረተኛ፦
በእኛ ልጅነት ዲዲቲ ሲነፋ የትኋን ደብዛው ይጠፋ ነበር። ዛሬ የሚሸጠው ሁሉ ሽታ ብቻ ሆኗል። እንደ እኔ ሐሳብ ሥራው ኅዳር 12 ቀን ቢሆን ይሻላል። በ1911 ዓ.ም. ከነበረው የኅዳር በሽታ ወዲህ በዚያ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፤ አሮጌውን ፍራሽ ሁሉ አብረን ብናቃጥለው፣ ጭሱም ኮሪደሩን ቢያጥነው ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እንጨርሳለን።

ከ1ኛ ፎቅ፣ የጤና ባለሙያ፦
አባቴ፣ ስለ ዲዲቲ ያነሡት እውነት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ትኋንን ጠራርጎት ነበር። ይሁን እንጂ በሃዋይ ፐርል ሃርበር በነበሩ የባሕር ኃይል መኖሪያዎች ዲዲቲ የማይገድለው ትኋን እ.ኤ.አ. በ1947 ተገኝቷል። በየሱቁ «ፍሊት» እያልን የምንገዛቸው የፓይረትሮይድ መድኃኒቶች ደግሞ የሚያጠቁት ዲዲቲ ያጠቃው የነበረውን የነርቭ ክፍል በመሆኑ፣ አንዱን የለመደ ትኋን ሌላውንም የመቋቋም ዕድሉ ሰፊ ነው። ጭሱን በተመለከተ፣ ትኋን ቀኑን የሚያሳልፈው በአልጋ ርብራብ መገጣጠሚያ፣ በፍራሽ ስፌት፣ በዞኮሎ ጀርባና በሶኬት ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ጭስ አያገኘውም፤ ከሚቃጠል ስፖንጅ የሚወጣው ጭስ ግን እኛን በሚገባ ያገኘናል።

ዋናው ጥያቄዬ «በአንድ ቀን» የሚለው እንዲቀየር ነው። ሴቷ በቀን ከ1 እስከ 5 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ 1 ሚሊ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ነጭና ተጣባቂ ሲሆን ብዙዎቹ መድኃኒቶች አይገድሉትም፤ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥም ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ስለዚህ ዛሬ የተረጨ ቤት በሳምንቱ አዲስ ትኋን ቢያይ ረጪው አጭበረበረ ማለት ላይሆን ይችላል። የተፈለፈለው ለአቅመ መራባት እስኪደርስ 5 ጊዜ ቆዳውን ይገፍፋል፣ ለእያንዳንዱም ደም መምጠጥ አለበት፤ ሁለተኛው ዙር ከ2 ሳምንት በኋላ እንዲሆን የምጠይቀው ከዚያ በፊት እንድንደርስበት ነው። ቤት ዘግቶ ክፍለ ሀገር መሄድም አይረዳም፤ ያለ ምግብ ወራት ይቆያል።

ሙቀት ከመድኃኒት የበለጠ አስተማማኝ ነው። አንሶላና ልብስ በ60 ዲግሪ ውሃ ከታጠበ ትኋኑም እንቁላሉም ያልቃል፤ መታጠብ የማይችለው በፕላስቲክ ታስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ቢያንስ 4 ቀን ይቀመጥ። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት የለመድነው ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ ወደ ፍራሹ መሐል ስለማይዘልቅ ትኋኑ ወደ ጥላው ወገን ዞሮ ይጠብቃል።

ከ3ኛ ፎቅ፣ ተከራይ፦
ተከራይ በመሆኔ እስካሁን ዝም ብዬ ነበር። እኔ ቤት የተገኘው ፍራሹ ላይ አልነበረም፤ የአልጋው ራስጌ ሲፈታ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያው በቀለም ብዕር እንደተነካካ ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶት፣ ውስጡ የተገፈፈ ቆዳና እንቁላል ተጠቅጥቆ ነበር። ስለዚህ ፈታሾች ብሎን መፍቻና የእጅ ባትሪ ይዘው ይምጡ። ደግሞም ሰው ተነክሷል አልተነከሰም ተብሎ አይፈረድ፤ እኔ ቆዳዬ ሲያብጥ አብራኝ የምትተኛው እህቴ ምንም አልታየባትም። አከራዬ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» በማለታቸው ማመልከት ፈርቼ ነበርና፣ ስም ሳይጠራ ለጸሐፊው ብቻ የሚነገርበት መንገድ ይኑር።

ከ2ኛ ፎቅ፣ የቤት ባለቤት፦
አንድ ጎረቤት ለእህል ነቀዝ የሚደረገውን ኪኒን አልጋ ሥር ላስቀምጥ ብሎ ሲያማክረኝ ነበር። ይህስ እንዴት ይታያል?

ከ1ኛ ፎቅ፣ የጤና ባለሙያ፦
በፍጹም አይደረግ። ኪኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም በቀዳዳና በስንጥቅ ወደ ጎረቤት ይገባል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአፓርታማ ውስጥ ለትኋን ብለው ሲጠቀሙበት አጠገባቸው ያሉ ቤተሰቦች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ሞተዋል። ትኋን እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያሳክካል እንጂ በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ ከእርሱ ለመገላገል ነፍስ አናጥፋ። ክልከላው በዕቅዱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሐሳባችሁን አካትቼ ረቂቁን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ «ትኋን በተገኘበት ቤትና በዙሪያው ባሉት ቤቶች ፍተሻ ይደረጋል። ባለሙያው በ2 ሳምንት ልዩነት ሁለት ዙር ይሠራል፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ነዋሪው ልብሱን አጥቦ በፕላስቲክ ያስራል፣ አልጋውንም ከግድግዳ ያርቃል። የነቀዝ ኪኒንና ምልክት በሌለው ጠርሙስ የሚሸጥ የእርሻ መድኃኒት መጠቀም የተከለከለ ነው። ጥቆማ በምስጢር ይያዛል። ወጪው ከማኅበሩ ወርኃዊ መዋጮ ይሸፈናል።» በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተቋቋመው ማኅበራችን ሕንፃውን በጋራ የሚያስተዳድር በመሆኑ፣ በጋራ ግድግዳና ቧንቧ የሚሻገር ችግር በጋራ ገንዘብ ቢፈታ አግባብ ነው እላለሁ። የአባታችንን ሐሳብ በከፊል ወስጄ የመጀመሪያው ዙር ከኅዳር 12 በፊት ባለው ሳምንት እንዲሆን አስገብቻለሁ፤ ማቃጠሉን ግን ትቼዋለሁ።

ከ4ኛ ፎቅ፣ ጡረተኛ፦
ተስማምቻለሁ። ነገር ግን ፍራሹ ካልተቃጠለ ሰው ለቁራሌው ሸጦት ትኋኑ ሌላ ሰፈር ይገባል፣ ነገ ደግሞ በርካሽ ተገዝቶ ወደ እኛው ይመለሳል። የሚጣል ፍራሽ ተቀድዶ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ «ትኋን አለበት» ተብሎ ተጽፎበት ይውጣ።

ከ3ኛ ፎቅ፣ ተከራይ፦
ሶፋም ይጨመር።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሁለቱም ተጨምረዋል። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ማታ ይጻፍልኝ፤ ቅዳሜ ለሰብሳቢው አስረክባለሁ።