ዴስክቶፔ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ችግሩ ፓወር ሰፕላዩ ነው ማዘርቦርዱ?

ሰላም ወገኖች። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ ያለው አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኮር ቱ ዱዎ፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ዲዲአር 2። ማክሰኞ ዶፍ ዘነበና መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልተመለሰም።

ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ሁለት ሰከንድ ያህል ይዞርና ቀጥ ይላል። ከዚያ ራሱ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ስክሪኑ ጨለማ፤ ቢፕ የሚል ድምፅም የለም።

አቧራውን አራገፍኩ። ራሞቹን በላጲስ ጠርጌ አንድ በአንድ ሞከርኩ። የማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) ባትሪ ስለካው 3 ቮልት መሆን ሲገባው 2.4 ሆነ፤ ቀየርኩት። ወይ ፍንክች! ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሳጥን) ነቅዬ፣ ለብቻው እንዲነሳ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሳገናኝ የራሱ ፋን ሳያቋርጥ ዞረ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ጭነት ሳይኖርበት መዞሩ ብቻውን ጤነኛ ነው አያሰኝም አሉኝ።

አሁን የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉ ሦስት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) አናታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። 1000 ማይክሮፋራድ (የመያዝ አቅማቸው)፣ 6.3 ቮልት ይላሉ። ያገኘሁት ግን ባለ 10 ቮልት ነው። ማይክሮፋራዱ እኩል ከሆነ ቮልቱ ቢበልጥ ይሠራል? ወይስ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላይ ተውሼ ልሞክር? አንድ ጠጋኝ ሳይከፍተው «ጣለውና አዲስ ግዛ» ብሎኛል። ለአፍ ቀላል ነው!

ሃርድ ዲስኩ ውስጥ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ አለ፤ ባለቤቶቹ በስልክ አላስቀመጡኝም። እስኪጠገን ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ፋይሉን ብገለብጥ የሚበላሽ ነገር አለ?